የባቡር ሰው ጣና ላይ

ቅዳሜ፣ ኅዳር 8 ቀን 2011 ዓ.ም.፤ ባሕር ዳር

አጎቴ ትናንት ማታ ከድሬዳዋ ገቡ። ከመልካ ጀብዱ እስከ ለቡ በአዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር፣ ከአዲስ አበባ ወዲህ ደግሞ በአባይ በረሃ በኩል በአውቶቡስ ነው የመጡት። ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ ሁለት ቀን መንገድ ላይ የሰነበተ ሰው ግን አይመስሉም። ጫማቸው እንደተወለወለ፣ ኮታቸው እንደተተኮሰ ነው። እራት በልተን ቡና ስናፈላ ከቦርሳቸው በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር አውጥተው ፊቴ አኖሩት። ክንድ የሚያህል፣ በሁለቱም ጫፍ አፍ ያለው የብረት ቁልፍ። መሐል ለመሐሉ ከእጅ ብዛት ሟሙቷል።

«የአባባ ነው» አሉ። «ከቤታችን ብረት የምታስተምሪ አንቺ ብቻ ነሽ፤ ካንቺ ጋር ይሁን።»

አያቴ ምድር ባቡር ላይ እሳት አንዳጅ ነበሩ፣ ከድሬዳዋ እስከ አዋሽ። አጎቴ ራሳቸው ወርክሾፕ የገቡት የናፍጣ ባቡሮቹ የእንፋሎቱን ቦታ ከያዙ በኋላ ነው። ነገር ግን ልጅ ሆነው ምሳ ይዘው ወደ አባታቸው የሚላኩት እሳቸው ስለነበሩ የእንፋሎት ባቡር ሽታው እንኳ እስካሁን አፍንጫቸው ውስጥ አለ። ሦስት ነገር ነው ይላሉ፤ የጋለ ዘይት፣ እርጥብ አመድና ትኩስ ብረት።

ከሁለት ወር በፊት የዛላምበሳ መንገድ እንደተከፈተ አስመራ ሄደው ነበር። ሌላው ሰው ዘመድ ፍለጋ ሲሄድ እሳቸው የሄዱት የእንፋሎት ባቡር ሊያዩ ነው፤ አይተውም ተመለሱ። ከዚያ ወዲህ በስልክ ባገኙኝ ቁጥር የሚያነሱት አንድ ነገር ነው፦ «እነሱ ያን ሁሉ ጦርነት አልፈው አኖሩት። እኛስ?» እኔም ባሕር ዳር ሐዲድ የላትም፣ ግን ከዚህ ጎርጎራ ድረስ ሐይቁን ለሁለት ቀን የሚያቋርጥ አሮጌ የሕዝብ ጀልባ አለ፣ ጎርጎራ ዳርም ያረጁ የብረት ጀልባዎች ቆመዋል አልኳቸው። «አሳዪኝ» አሉ፤ ይኸው መጡ።

ዛሬ ጠዋት ለጉዞው ዳቦና ቆሎ ልንገዛ ገበያ ወጣን። ጤፍ በአህያ የጫነች ሴት ጎረቤቷን ስታናግር «ባቡር ደርሼ ልምጣ» ስትል አጎቴ ሰሙ። ቀጥ ብለው ቆሙ። «የምን ባቡር?» ብለው ጠየቋት። ሴትየዋ በእጇ ወደ ማዶ አሳየቻቸው፤ ቆርቆሮ ቤት፣ በበሩ ነጭ ዱቄት እንደ ጭስ የሚወጣበት። ወፍጮ ቤት ነው። በእኛ አገር፣ በጎጃምም በጎንደርም፣ የእህል ወፍጮው ባቡር ነው የሚባለው። ሕፃን ሆኜ «ባቡር ሄጄ ነበር» ስል ዱቄት ለብሼ መመለሴን ነበር የምናገር፤ ለድሬ ሰው ይህን መንገር ለካ እስከ ዛሬ አልታሰበኝም።

አጎቴ ወፍጮ ቤቱ ገብተው ቀበቶው ሲዞር፣ ድንጋዩ ሲጮህ ብዙ ጊዜ ቆመው አዩ። ሲወጡ እንዲህ አሉኝ፦ «ልክ ናቸው እኮ። ባቡር ማለት ሐዲድ ማለት አይደለም።» ቃሉ የመጣው ቫፖር ከሚለው የፈረንጅ ቃል ነው፣ እንፋሎት ማለት። በቱርክና በዓረብ አፍ ዞሮ እኛ ዘንድ ሲደርስ ባቡር ሆነ። ቱርኮች ዛሬም የሕዝብ ጀልባቸውን ቫፑር ነው የሚሉት። ስለዚህ የመጀመሪያው ባቡር በውሃ ላይ የሚሄድ ነበር፤ «ምድር ባቡር» ያልነው በየብስ የሚሄደውን ከዚያኛው ለመለየት ነው። በምኒልክ ጊዜ አርመናዊው ሰርኪስ ተርዚያን ያስመጣው፣ ያለ ሐዲድ በእንፋሎት መንገድ ለመንገድ የሚሄደው መኪናም «የሰርኪስ ባቡር» ነበር የተባለው። «ነገ እንግዲህ የምንሳፈረው ባቡር ነው» ብለው ደስ አላቸው።

ከሰዓት በኋላ ወደቡ ሄደን ቲኬት ቆረጥን። በመንገዳችን ከፍኖተ ሰላም በባሕር ዳር፣ በወረታና በወልዲያ አድርጎ ወደ ሠመራ የሚወርድ የሐዲድ መስመር በአገሪቱ ዕቅድ ውስጥ ገብቶ እንደነበር ነገርኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ እንጂ መልስ አልሰጡም።

እሑድ፣ ኅዳር 9፤ ከባሕር ዳር እስከ ቁንዝላ

ከንጋቱ 1 ሰዓት። ጀልባው ከመነሳቱ በፊት ወደቡ እንደ ድሮው ለገሃር ነው፤ አጎቴ ናቸው እንደዚያ ያሉት። የስኳርና የጨው ጆንያ፣ የቢራ ሳጥን፣ የቆርቆሮ እስር፣ ፍራሽ፣ ሁለት ሙክት፣ ከሆስፒታል ወጥታ ወደ ደቅ የምትመለስ አራስ፣ ጠበል የሚወርዱ ሴቶች፣ ዲያቆናት። ሁሉም ቦታ ከያዘ በኋላ ጡሩምባው ሲነፋ አጎቴ ሰዓታቸውን አዩ። አሥራ ሁለት ደቂቃ ዘግይቷል። ይህን በማስታወሻ ደብተራቸው ጻፉት። የባቡር ሰው እንዲህ ነው።

ኅዳር ለጣና ጥሩ ወር ነው። ክረምቱ አልፏል፣ ውሃው ሙሉ ነው፣ አየሩ ጥርት ብሏል። ሐይቁ ሰፊ ይሁን እንጂ ጥልቅ አይደለም፤ እጅግ ጥልቅ በሆነበት እንኳ 15 ሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ ጀልባዎቹ ሆዳቸው ውሃ ውስጥ ብዙ የማይጠልቅ፣ ወደ ዳር እስኪጠጉ የሚሄዱ ናቸው።

ዘጌ ስንደርስ የቡና ጆንያ ይጠብቀን ነበር። በዘጌ እርሻ አይታረስም፣ ከብት አይረባም፤ ይህ ገዳሙን ከመሠረቱት ከአቡነ በትረ ማርያም የወረደ ሥርዓት ነው ይላሉ። ደኑም ቡናውም የተረፈው በዚህ ነው። ወደ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ለመውጣት ጊዜ አልነበረንም፤ ከጀልባው ላይ ተሳለምን።

ከዘጌ ወዲያ ግን አጎቴን ከመቀመጫቸው ያስነሳቸው ሌላ ነገር ነው። ከደንገል የታሰረች ታንኳ፣ አንድ ሰው ብቻውን እየቀዘፈ፣ እንጨት ጭኖ በጎናችን አለፈ። አጠገባችን የተቀመጡ ሽማግሌ ከወይጦዎች ወገን ናቸው፤ ታንኳ ሲሠሩ ነው ያደጉት፤ አጎቴም ጥያቄ አላቆሙም። ደንገሉ ተቆርጦ በፀሐይ ይደርቃል። በእቅፍ በእቅፍ ይታሰራል፣ ከፊት እንደ አፍንጫ ቀና ይደረጋል፣ ውስጡ ደግሞ ሰውና ዕቃ ከውሃ ከፍ እንዲል በሌላ እስር ይሞላል። ውሃ ይጠጣል፤ ስለዚህ ከሥራ በኋላ ከሐይቁ ወጥቶ መድረቅ አለበት። ያም ሆኖ ከጥቂት ወራት በላይ አይቆይም።

«ታዲያ ሲያልቅ?» አሉ አጎቴ።

«ሌላ እንሠራለን» አሉ ሽማግሌው።

አጎቴ ዞር ብለው አዩኝ። «ሰማሽ? ዕቃው ጥቂት ወር ነው የሚኖረው፤ ሥራው ግን ስንት ሺህ ዓመት! የእኛ ብረት መቶ ዓመት ይኖራል፣ የሚሠራው እጅ ግን አንድ ዕድሜ እንኳ አልቆየም።» እኔም እ.ኤ.አ. በ1969 ኖርዌጂያዊው ቶር ሄየርዳል አትላንቲክን ለመሻገር ያሠራት «ራ» የተባለች የደንገል ጀልባ ደንገሏ ከዚሁ ከጣና ተቆርጦ እንደሄደ፣ ያሰሯት ደግሞ ከቻድ ሐይቅ የመጡ ሰዎች እንደነበሩ ነገርኳቸው። ሽማግሌው ይህን ሰምተው የተናገሩት አንድ ቃል ብቻ ነው፦ «ደንገሉን ከወሰዱ እኛንም መጥራት ነበር።»

ደቅ እኩለ ቀን ላይ ደረስን። አራሷን ዘመዶቿ በእልልታ ተቀበሏት። እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው መቶ ዘመን ያሠሯት ናርጋ ሥላሴ ከዛፎቹ መካከል ጉልላቷ ይታያል። ማንጎና ሎሚ ጫንን።

ከደቅ ተነስተን አንድ ሰዓት ያህል እንደሄድን የሞተሩ ድምፅ ተለወጠ። እኔ ልብ ሳልለው አጎቴ ብድግ ብለዋል። «ናፍጣ ጠምቶታል» አሉ። ወዲያው ሞተሩ ሁለት ሦስት ጊዜ አስሎ ጸጥ አለ።

በሐይቅ መሐል ሞተር ሲቆም የሚመጣውን ጸጥታ ለማያውቅ ሰው መንገር ያስቸግራል። መጀመሪያ ውሃው ብረቱን ሲመታ ይሰማል፤ ቀጥሎ ሙክቶቹ፤ ቀጥሎ ነጠላዋን ፊቷ ላይ አድርጋ የምትጸልይ ሴት። ነፋሱ ጀልባውን በዝግታ ያዞረው ጀመር። አጎቴ ወደ ሞተሩ ክፍል ወረዱ፤ እኔም ተከተልኳቸው። ካፒቴኑ ስድሳ የሚሆነው የአቸፈር ሰው ነው፤ ሞተሪስቱ ልጅ እግር። ሁለቱም በላብ ርሰዋል።

«አንተ፣ ማጣሪያውን መቼ ነው የከፈትከው?» አሉ አጎቴ ካፒቴኑን።

ካፒቴኑ ቀና ብሎ አያቸው። እኛ ዘንድ የማያውቁትን ትልቅ ሰው «አንተ» ማለት ከባድ ነው። ቶሎ ብዬ «የድሬ ሰው ናቸው፤ እዚያ አንቱታ የለም» አልኩት። ትንሽ አሰበና ሳቀ። «ኧረ ይበሉኝ አባቴ፤ ዕድሜዬን ቀነሱልኝ። ማጣሪያው ሳይከፈት ሰንብቷል።»

ከፈቱት። የማጣሪያው ኩባያ ታች ውሃ፣ ላዩ ላይ እንደ ጭቃ የጠቆረ ዝቃጭ ሞልቶታል። በበርሜል የተገዛ ናፍጣ ነው፤ በርሜሉ ምን ይዞ እንደኖረ የሚያውቅ የለም። አጎቴ ኮታቸውን አውልቀው ለእኔ ሰጡ። ማጣሪያውን በንጹሕ ናፍጣ አጠቡ፣ ማሸጊያውን ጓርኒሲዮን አገላብጠው አዩ፣ መለሱት። ከዚያ ስፑርጎ። አየር ወደ መስመሩ ከገባ ናፍጣው እስከ መርፌው አይደርስምና ብሎኑን ላላ አድርጎ በእጅ ፓምፕ መግፋት፣ አረፋው አልቆ ጥርት ያለ ናፍጣ እስኪወርድ መጠበቅ። ይህን ራሳቸው አልሠሩትም። ቁልፉን ለሞተሪስቱ ሰጥተው ከጎኑ ቆሙ። «አትቸኩል። አረፋውን እየው። አሁንም አለ። አሁንም። አሁን እሰር።» ሲነሳ ላይ ያለው ሕዝብ እልል አለ።

ልጁ እጁን እየጠረገ «ጋሼ፣ እርስዎ ሾፌር ነበሩ?» አላቸው። አጎቴ ይህን ጥያቄ ሲጠብቁ የኖሩ ይመስል ተቀመጡ። ሾፌር ማለት በፈረንሳይኛ መጀመሪያ «የሚያሞቅ» ማለት ነው አሉት፤ ባቡሩን የሚነዳው ሳይሆን እሳቱን የሚያነደው። ቀድሞ ጊዜ መኪናም በእንፋሎት ይሄድ ስለነበር ስሙ ወደ መኪና ነጂው ተሻገረ። «የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂ ሁሉ የሚጠራው በአባቴ ሥራ ስም ነው።»

ቁንዝላ የደረስነው መሽቶ ነው። አልጋ ቤቱ ውስጥ መብራት አልነበረም፤ ግቢው ውስጥ ከካፒቴኑና ከሞተሪስቱ ጋር ከብበን ተቀመጥን፤ አጎቴም አስመራን ነገሩን።

የኤርትራው ሐዲድ ጠባብ ነው፣ 95 ሳንቲ ሜትር። ከምፅዋ ተነስቶ በ118 ኪሎ ሜትር ውስጥ ከባሕር ጠርዝ ወደ 2,400 ሜትር ገደማ ይወጣል፤ በሠላሳ ዋሻዎችና በስልሳ አምስት ድልድዮች። አስመራ የገባው እ.ኤ.አ. በ1911 ነው። በጦርነቱ ጊዜ ሥራው ቆመ፤ ሐዲዱና ከሥሩ የሚነጠፈው ብረት እየተነቀለ የምሽግ ጣራ ሆነ። ከነፃነት በኋላ መልሰን እንሥራው ሲባል የውጭ ኩባንያዎች የጠየቁት ገንዘብ የሚቻል አልሆነም። ያን ጊዜ ጡረተኞቹ ተጠሩ፤ ሰባና ሰማንያ ዓመት የሞላቸው ሐዲድ አንጣፊዎች፣ ቦይለር ሠሪዎች፣ ነጂዎች። ብረቱን ከምሽጉ ቆፍረው አወጡ፣ በመዶሻ አቃኑ፣ በአሮጌው ወርክሾፕ የጎደለውን ቀረጹ። እ.ኤ.አ. በ2003 መስመሩ እንደገና ከምፅዋ አስመራ ተገናኘ። ዛሬ ሕዝብ የሚመላለስበት አይደለም፤ ከሩቅ አገር የእንፋሎት ባቡር ወዳጆች በቡድን እየመጡ ተከራይተው ይሳፈሩበታል።

አጎቴ ያዩት 442 የሚባለውን ነው፤ ጄኖቫ ውስጥ አንሳልዶ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1938 የሠራው። ማሌት ይባላል ዓይነቱ። ሁለት የጎማ ቤት አለው። እንፋሎቱ መጀመሪያ የኋላውን ፒስተን ገፍቶ፣ ገና ጉልበት ሳይጨርስ ወደ ፊተኛው ሄዶ ደግሞ ይገፋል። የፊተኛው ቤት በምስማር ላይ ስለሚዞር በጠባብ ኩርባ ላይ ባቡሩ እንደ እባብ ይታጠፋል። «አንዱ ሽማግሌ እሳት አንድዶበት ነበር» አሉ። «ቋንቋውን አልችልም፣ እሱም የእኔን ብዙ አይችልም። የአባቴን ፎቶ አሳየሁት። አካፋውን ሰጠኝ።»

ከዚያ በኋላ ዝም አሉ፤ እኛም ዝም አልን። የጎጃም ኅዳር ማታ ይበርዳል።

ሰኞ፣ ኅዳር 10፤ ከቁንዝላ እስከ ጎርጎራ

ማለዳ ተነሳን። እሰይ ደብር፣ ደልጊ፤ በየወደቡ ጆንያ መጫንና ማውረድ። ደልጊ ላይ የሰሊጥና የማሽላ ጭነት ረጅም ጊዜ ወሰደ፤ ቀትር ላይ ፀሐዩ ከባድ ነበር። አጎቴ አብዛኛውን ጊዜ ከሞተሪስቱ ጋር ታች ነበሩ። ስወርድ ሁለቱ በብሎን ቀለበት ላይ ተደፍተው አገኘኋቸው፤ እሳቸው በፈረንሳይኛ ስም፣ እሱ በጣሊያንኛ ስም፣ ያንኑ ዕቃ ይጠራሉ። ካቻቪቴና ፒንሳ ላይ ብቻ ተስማሙ።

ጎርጎራ አመሻሽ ላይ ገባን። ዛሬ የምጽፈው ይኸው ነው፤ ደክሞኛል።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 11፤ ጎርጎራ፣ ወደ ባሕር ዳር መመለስ

በጠዋት ደብረ ሲና ማርያምን ተሳልመን ወደ ዳር ወረድን። አሮጌዎቹ ጀልባዎች እዚያ ናቸው። አንዱ ግማሽ ሆዱ በሣር ተሸፍኗል፤ ሌላው ወደ ጎን ተጋድሟል። የመንደሩ ሰዎች «ከጣሊያን የቀረ» ይሏቸዋል። ልጆች ከላያቸው እየዘለሉ ይዋኛሉ።

አጎቴ ድንጋይ አንስተው የአንዱን ሆድ ቀስ እያሉ ከፊት እስከ ኋላ መቱት፤ በየክንዱ አንድ ጊዜ፣ ጆሯቸውን አስጠግተው። በባቡር ቤት ጎማ የሚፈተሸው እንደዚህ ነው። ደህና ብረት ይደውላል፣ የተሰነጠቀ ወይም የተበላ ብረት ድምፁ ይታፈናል። ከውሃው ጠርዝ አጠገብ ያለው ሁሉ ታፍኗል። ከፍ ብሎ ያለው ግን አሁንም ይደውላል። የሪቬቱ ራሶች በተርታ ቁልጭ ብለው ይታያሉ፤ ጣታቸውን እያንዳንዱ ላይ አሳረፉ። አንዱ ሰው ከውስጥ የጋለውን ሪቬት ሲደግፍ፣ ሌላው ከውጭ በመዶሻ ሲመታ፣ ሲቀዘቅዝ ተኮማትሮ ሁለቱን ቆርቆሮ አጥብቆ ይይዛል። የእንፋሎት ባቡር ቦይለርም እንዲሁ ነበር የሚሰፋው።

እዚያው ድንጋይ ላይ ተቀምጠን ብዙ አወራን። ታንጋኒካ ሐይቅ ላይ ስላለችው «ሊዬምባ» የተባለች መርከብ ነገርኳቸው። ጀርመኖች እ.ኤ.አ. በ1913 ፓፐንቡርግ በሚባል ከተማቸው ሠርተው፣ በታትነው በሣጥን ሞልተው፣ በመርከብና በባቡር ኪጎማ ድረስ አምጥተው የገጣጠሟት ናት። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ጠላት እንዳያገኛት ሠሪዎቿ ራሳቸው ሞተሯን በቅባት ለቅልቀው አሰጠሟት። እ.ኤ.አ. በ1924 እንግሊዞች አወጧት፤ ሞተሯ ስለተለቀለቀ ደህና ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1927 ጀምሮ ሕዝብ ስታመላልስ ኖረች። አጎቴ ስለ ቅባቱ ሁለት ጊዜ አስደግመው ጠየቁኝ። እያሰጠማት እንኳ ነገ ያወጣታል ብሎ ያሰበው መካኒክ ልባቸውን ነካው።

የእኔ ሐሳብ ይህ ነው፤ ለአጎቴም የነገርኳቸው ይህንኑ ነው። የድሮው የጅቡቲ ሐዲድ ስፋቱ አንድ ሜትር ነው። አዲሱ የኤሌክትሪክ መስመር 1.435 ሜትር ነው። አሮጌው ባቡር በአዲሱ ላይ ሊሄድ አይችልም፤ ሐዲዱ ተነቅሎ ለቁርጥራጭ ብረት ከተሸጠ ያረጁት ባቡሮች ቢታደሱ እንኳ የሚሄዱበት ቦታ አይኖርም። ስለዚህ መጀመሪያ መዳን ያለበት ሐዲዱ ነው፤ ሁሉም አይደለም፣ ከድሬዳዋ ጣቢያ ተነስቶ ጠዋት ሄዶ ለምሳ የሚመለስ ጥቂት ኪሎ ሜትር ይበቃል። ድሬዳዋ ራሷ የባቡር ልጅ ናት፤ ሐዲዱ ወደ ሐረር ተራራ መውጣት ስላልቻለ እ.ኤ.አ. በ1902 ታች ሜዳው ላይ «አዲስ ሐረር» ተብላ ነው የተቆረቆረችው። ዌልስ ውስጥ ታሊሊን የሚባለውን ትንሽ መስመር እ.ኤ.አ. በ1951 ያዳኑት ደመወዝ የማይከፈላቸው ወዳጆቹ ናቸው፤ በሌሎች አገሮችም ብዙዎች ከዚያ ተምረዋል። የሕንዱ የዳርጂሊንግ መስመር 61 ሳንቲ ሜትር ብቻ ሆኖ በዩኔስኮ መዝገብ ገብቷል። እኛ ጋ የጎደለው ብረት አይመስለኝም። ጉልበትም አይደለም። ከአጎቴ ዕድሜ ያሉት ሰዎች በሕይወት ሳሉ አጠገባቸው የሚቆም ወጣት ነው የጎደለው።

«ገንዘቡስ?» አሉ አጎቴ።

«ገንዘቡ ዘግይቶ ሊመጣ ይችላል። እርስዎ ዘግይተው አይመጡም» አልኳቸው። ካልኩ በኋላ ደነገጥኩ፤ እንዲህ ያለ ነገር ለሽማግሌ አይባልም። እሳቸው ግን እጄን ያዙና «እውነት ነው» አሉ።

በሚኒባስ ጎንደር፣ ከጎንደር ባሕር ዳር። ሙሉ መንገዱን የጤፉ አጨዳ ነበር።

ረቡዕ፣ ኅዳር 12፤ ባሕር ዳር

ኅዳር ሚካኤል። ገና ሳይነጋ ሰፈሩ በጭስ ተሞልቷል፤ በየደጁ የተጠረገው ቆሻሻና ቅጠል ይነዳል። ኅዳር ሲታጠን ነው። ዘንድሮ ደግሞ ልክ መቶ ዓመቱ ነው፤ የኅዳር በሽታ አገር የጨረሰው በ1911 ዓ.ም. ነበር፣ ባቡሩ አዲስ አበባ በገባ በሁለተኛው ዓመት። አጎቴ ነጠላቸውን ተከናንበው ግቢው ውስጥ ቆመው አገኘኋቸው። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል፤ ከጭሱም ይሁን ከሌላ ነገር አልጠየቅኩም።

«አባባ የሚነሳው በዚህ ሰዓት ነበር» አሉኝ። «እሳት በሌሊት ነው የሚለኮሰው። ቀዝቃዛ ቦይለር በአንዴ አይሞቅም፤ ብረቱ አንዱ ወገን ቀድሞ ከተለጠጠ ስፌቱ ይላላል። በትንሽ እንጨት ይጀመራል፣ ከዚያ ቀስ እያለ ይጨመራል። ጥቁር ጭስ ከወጣ አበዛኸው ማለት ነው፤ ምንም ጭስ ካልታየ ደግሞ እሳቱ መሐሉ ተበስቶ ቀዝቃዛ አየር ይስባል። የሚፈለገው ሳሳ ያለ፣ ግራጫ ነው። እንደዚያ» ብለው በጎረቤት አጥር ላይ የሚወጣውን ጭስ አሳዩኝ። የጎረቤት ልጅ እሳቱ ላይ እርጥብ ቅጠል ጣለበት፤ ጭሱ ጠቆረ። አጎቴ በአጥሩ በላይ ተንጠራርተው «አንተ! አታፍነው፣ ከሥሩ አየር ስጠው!» ብለው ጮኹ። ልጁ እንጨቱን ከፍ አደረገ፤ ጭሱ ሳሳ።

ከቅዳሴ መልስ ሽሮ በልተን ወደማስተምርበት ወርክሾፕ ወሰድኳቸው። በዓል ነውና ይመጣሉ ብዬ አልጠበቅሁም ነበር፤ ከተማሪዎቼ አሥራ አራቱ መጥተዋል። የአያቴን ቁልፍ ብረት መያዣው ሞርሳ አጠገብ አኖርኩት። ከእጅ ወደ እጅ እየተቀባበሉ መዘኑት፤ አንዷ የሟሟውን ቦታ በመዳፏ ይዛ ጣቶቿ ገጠሙ አልገጠሙ እያለች አየች።

አጎቴ ሰሌዳው ላይ ቦይለር ሣሉ። የእሳቱን ቤት፣ ጭሱ የሚያልፍባቸውን ቱቦዎች፣ በዙሪያቸው ያለውን ውሃ፣ ላይ የሚጠራቀመውን እንፋሎት። ጠንካራ ውሃ ሲፈላ ኖራውን በቱቦው ላይ እንደሚጥል፣ ያ ቅርፊት ከወፈረ ሙቀቱ ወደ ውሃው እንደማያልፍና ብረቱ እንደሚቃጠል፣ ስለዚህ ቦይለር በየጊዜው ባዶ ሆኖ እንደሚታጠብ ነገሯቸው። እንደ ጀበና ነው አሉ፤ ሁሉም ገባቸው።

ከኋላ ያለው ልጅ እጁን አነሳ። «ጋሼ፣ መንገድ ላይ እያለ ውሃው ካለቀስ?»

አጎቴ ዞር ብለው አዩት። «ጎሽ» አሉ። «አባቴም መጀመሪያ ያስተማረኝ እሱን ነው። ከእሳቱ ጣራ ላይ አንዲት የእርሳስ ምስማር አለች። ውሃ ላይዋ እስካለ አትቀልጥም። ውሃው ከሸሸ ግን...» ሰሌዳው ላይ ቦታ ፈለጉ፤ ሞልቷል። የሣሉትን ሁሉ በክንዳቸው ጠርገው፣ የኮታቸው እጅጌ ነጭ ሆኖ፣ አዲስ ጠመኔ እንድሰጣቸው እጃቸውን ወደኔ ዘረጉ።